የጣውላው ቅጥራን

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

አላሸትም።

ይኸው ጻፍኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። አፍንጫዬ ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለቤቴን ወለተ ጊዮርጊስን የወሰደብኝ ያ በሽታ እኔን ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞ ሄደ። ከአርባዋ በኋላ ሳጥኗን ከፍቼ ነጠላዋን ፊቴ ላይ አደረግሁት... ምንም። ጨርቅ ብቻ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ታዲያ ይህ ምን ያስደብቃል? ዐይኑ የጠፋ ሰው ይደበቃል? የእኔ ግን እንጀራዬ በአፍንጫዬ ነው። መምህር ብርሃነ መስቀል ይህን ወርክሾፕ ሲከፍት፣ ከፋብሪካ ቦይለር ጡረታ ወጥቼ ከተቀመጥኩበት ፈልጎ ያስጠራኝ «የአንኮበሩ የቅጥራን አውጪ ልጅ፣ ጢስ አሽትቶ የሚያውቅ» ተብዬ ነው። እውነት ነበር። አባቴ የጥድ ሥር በገንቦ አፍኖ ቅጥራን ያወጣ ነበር፤ አጠገቡ ሆኜ ነው ያደግሁት። ያኔ አውቅ ነበር።

ዛሬም እንደ ወትሮው ዋልን። በርሜሉን ገለባ ጠቀጠቅን፤ ክዳኑን በጭቃ መረግን፤ ከሥሩ እሳት። አየር ከገባ ይነዳል፤ አየር ካጣ ግን ገለባው ሳይነድ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ጢሱ በቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቀይ ኮምጣጤ፣ መጨረሻ ጥቁር ቅጥራን። ኮምጣጤው ለምስጥና ለሽንኩርት ተባይ፤ ቅጥራኑ ለአጥር እንጨትና ለከብት እከክ። በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ከሰል ነው።

ሳሌም ጠብታውን በጭልፋ ይዛ መጣች። ኬሚስትሪ ተምራ የመጣች ልጅ ናት፤ በርሜሉን ከእኔ ጋር የምትጠብቀው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ እስቲ ያሽትቱት። ደርሷል?»

ዐይኔን ጨፈንኩ። በረጅሙ ሳብኩ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ይገርማል እኮ! ቴርሞሜትሩም ይህንኑ ነው የሚለው።»

ቴርሞሜትሩን ቀድሜ አይቼዋለሁ ልጄ። የጠብታውንም ቀለም ዐይኔን ሳልጨፍን አይቼዋለሁ... ያሸተትኩ ግን መሰለሽ።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ

መምህሩ ዛሬ ደስ ብሎት ዋለ። ሴሉሎስ የሚባለውን ነገር እንደገና አስረዳን። ለተክል ሁሉ አጥንቱ እሱ ነው አለ። ሙቀቱን ልክ ይዘን፣ ጢሱንም ቶሎ ብናበርደው፣ ከገለባ ስኳር የመሰለ ነገር ይወጣል፤ መድኃኒት ቀማሚዎች የሚፈልጉት።

«ከገለባ ስኳር?» አልኩ። «ታዲያ የእኛ አህያ ዕድሜ ልኳን ስኳር ስትበላ ኖራለች በሉኛ!»

ሳሌም ጭልፋዋን ጥላ ሳቀች።

«አይሳቁ ጋሼ ገብረአብ። ሙቀቱ ካነሰ ከሰልና ውሃ ይሆንብናል፤ ካለፈ ደግሞ ነፋስ ሆኖ ያመልጣል። የምንፈልገው መካከሉን ነው። ከገና በኋላ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው ያዩናል። ከወደዱት ይህ ቆርቆሮ ቤት ፋብሪካ ነው የሚሆነው። ሁሉም በእርስዎ አፍንጫና በሳሌም ቴርሞሜትር ነው።»

በእኔ አፍንጫ...

እሳቱን ቆሰቆስኩ። ዝም ማለትም ከለመዱት ሥራ ይሆናል።


ኅዳር 9፣ ሰኞ

ያለ ወቅቱ ዝናብ። ገለባው ከነቁልሉ ራሰ። የአብዱልጀሊል ቅጥራን ለሐሙስ መድረስ አለበት፤ ሰውየው ከአልዩ አምባ ድረስ ለእሱ ብሎ ነው የሚመጣው። ግመሎቹ እከክ ይዟቸዋል። መምህሩ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

የወርክሾፑን ሹፌር ላክሁት፤ ከጣውላ ሻጩ ዘንድ ጭኖ መጣ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ። ደረቅ፣ ክብደት የሌለው። ሳሌም አንዱን አንሥታ መለሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጣውላ ይሸታል። ራሴን አዞረኝ።»

ተቀበልኳት። አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። እንደ ልማዴ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«የቆየ ጥድ ነው» አልኩ። «ጥድ ሲያረጅ እንዲህ ይከረፋል።»

«ጥድ? እኔን የተባይ መድኃኒት ነው የመሰለኝ።»

«አንቺ ደሞ ጥድ የት ታውቂያለሽ! የባሕር ዛፍ ዘመን ልጅ!»

ሳቀች። «እርስዎ ካሉማ...»

ጫንነው።

ለምን እንዲያ አልኩ? «እኔንጃ ልጄ፣ ይቆየን» ብል ምን እሆን ነበር? አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ይዋሻል አሁን። ሠልጥኗል።


ኅዳር 10

ቅጥራኑ ብዙ ወጣ። ወፍራም፤ እንደ ማር የሚሳብ። ሳሌም ራሷን አሟት አልመጣችም።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አብዱልጀሊል በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእኔ ጋር ስንቀላለድ ሦስት ዓመታችን ነው።

«ገብሬ! ዛሬም በዓል ነው? እናንተ በዓል ታከብራላችሁ፣ ግመሎቼ ያካሉ!»

«ለሚካኤል እንኳ ሥራ አታሠራኝ እንጂ።»

«ሚካኢል የእኛም መልአክ ነው። እሱ ይፈቅድልሃል፣ ክፈት ክፈት።»

ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ኡፍ! ዛሬስ ምን ነካው? ያሁኑ ሌላ ነው።»

«ጠንካራ ነው» አልኩት።

«እንግዲህ ለእከክ የሚከረፋ ነው ደጉ። አያቴም ይህንኑ ነበር የሚል። ዳለቻዋ ልትወልድብኝ ነው ገብሬ፤ ሆዷ ሥር እከኩ ገብቶባት ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ አታርፍም። ለእሷ ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

ጀሪካኑን አቅፎ ነው መኪናው ላይ የወጣው።


ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾመ ነቢያት ገባ። ካህኑ ሲያጥኑ ሰው ሁሉ ጢሱን ወደ ፊቱ ይስባል። እኔም እስባለሁ። እዚያም እዋሻለሁ ማለት ነው?


ኅዳር 20፣ ዓርብ

አብዱልጀሊል ደወለ። መጀመሪያ ድምፁን አላወቅሁትም።

ግመሎቹ ሞቱበት። ዳለቻዋን ጨምሮ ሦስቱ። አንገታቸው እየተቆለመመ፣ አረፋ እየደፈቁ፣ መሬቱን በእግራቸው እየጠረጉ። ዳለቻዋ ከነልጇ።

«ሰው ነው ያበላብኝ ገብሬ። ወላሂ ሰው ነው። በሽታ እንዲህ ባንድ ቀን አይጥልም።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። እግዚአብሔር ያጽናህ ያልኩት ይመስለኛል። ከዚያ ምን አለኝ...

«የተረፉትን ሁለቱን ገና አልቀባኋቸውም፤ ዛሬ ልቀባቸው ነው። ያው እከኩ አልለቀቃቸውም።»

«ተው!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

«ለምን?»

«...ለጊዜው ተው። ያልታወቀ ነገር እያለ ቆዳቸውን አትንካ። ያንተ ነገር ይታወቅ መጀመሪያ።»

«እውነትክን ነው። አንተ ታውቃለህ» አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቅጥራን ላይ የተቀመጥኩ ይመስል ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ለምን «ተው» አልኩ? ቀድሞ ያወቀው ማን ነው፣ እኔ ነኝ ወይስ አፌ?


ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ከጽዮን ክብረ በዓል ወጥቼ በቀጥታ ጣውላ ሻጩ ዘንድ።

«ያ ጣውላ? የድሮ የተባይ መድኃኒት ማከማቻ ወለል ነበር፤ ሲያፈርሱት ገዛነው። ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ እኮ፣ ለምጣድ እንዳይማግዱት ብዬ።»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«ምን ይነግርዎታል አባቴ? ሲሸት አይታወቅም እንዴ?»

መንገድ ላይ ቆምኩ። የበሬሳ ወንዝ ነፋስ ፊቴን ይገርፈኛል። መድኃኒቱን እንጨቱ ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ፣ እኛ በሙቀት አስለቀቅነው፤ ከጢሱ ጋር ወጣ፤ ከቅጥራኑ ጋር ወረደ። ግመል ደግሞ የተቀባውን ይልሳል። እርስ በርሱም ይላላሳል።

እኔ ነኝ። ሹፌሩ አይደለም፣ ዝናቡ አይደለም። ልጅቱ ነግራኝ ነበር።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ስም ወጣ። ዓብዱራህማን ይባላል፤ የአብዱልጀሊል ጎረቤት። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ግመሎቹ ሽንኩርቱን ጨርሰውበት፣ በሰው ፊት «ሌላ ጊዜ በእግራቸው አይመለሱም» ብሎ ነበር አሉ። የተናደደ ሰው የሚለው ነው። አሁን ግን ያ ቃል ማስረጃ ሆነበት።

ዓርብ አውጫጭኝ ተጠርቷል። አገሬው በሙሉ ይቀመጣል፤ ያወቀ ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ለሕዝብ ያወጣዋል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። አባቴም በልጅነቴ ሲያወራው እሰማ ነበር።

ወፍ አትኖርም። ያየ የለምና። ያየሁት እኔ... ያየሁት? እኔማ ያላሸተትኩት ነኝ።


ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አብዱልጀሊል ደውሎ ሁሉን ነገረኝ። ጓደኛው ነኝ ብሎ ነው የሚነግረኝ።

ዓብዱራህማን ቁርአን ይዞ ማለ። አላመኑትም። ወፍም አልተናገረችም። ሽማግሌው ሼህ አብዱልሀፊዝ ሌላ ቀጠሮ ሰጡ፤ ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ። እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ ቀዬውን ለቆ ይሄዳል። እስከዚያውም ማንም ከቤቱ እሳት አይጭርም፣ የውሃ ተራውም ተነሥቷል።

ሴት ልጅ አለችው፤ ሌይላ። ኒካሕዋ ለዚህ ወር ነበር። የወንዱ ቤተሰብ ላከበት፤ «በሐሰት የማለ ሰው ልጅ አናገባም» ብለው።

«አላህ እንዲህ ያወጣል» አለኝ አብዱልጀሊል። «ግመሎቼ ላይ የሠራው በልጁ ወጣበት።»

«አንተ ራስህ አየኸው?» አልኩት።

«ምን ማየት ያስፈልጋል ገብሬ? ሌላ ማን አለ?»

እኔ አለሁ። አላልኩም።


ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ንስሐ ገባሁ። ቄስ ሰይፈሥላሴ ከወለተ ጊዮርጊስ ፍታት ጀምሮ የነፍስ አባቴ ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። ከአፍንጫዬ ጀምሬ።

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በልቤ እንዲበዛ ተመኘሁ።

«ስግደት ልስጥህ?» አሉ። «ስግደትማ ለአንተ ዕረፍት ነው። እንደ ጉድ ትሰግድና ደክሞህ ትተኛለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባቴ?»

«ለእኔ ነገርከኝ። ለእኔ ግን ግመል አልሞተብኝም። ከአገሬም ውጣ ያለኝ የለም።»

መስቀል አሳለሙኝ። ተቆጥቼባቸው ወጣሁ፤ እዚህ ልጽፈው እንጂ ለማን እናገራለሁ... በቄስ ላይ ተቆጣሁ።


ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ለመምህሩ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎና የንስሐ አባቴ።»

«ሳሌምስ?»

«አልነገርኳትም።»

ተቀመጠ። ተነሣ። የገለባውን ኮምጣጤ ጠርሙስ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ከገና በኋላ ይሁን» አለ። «ሰዎቹ አይተውን ይሂዱ። ከዚያ በዘዴ... ግመሎቹን እንተካለታለን። በሽታ ነበር እንላለን። አሁን መርዝ ሸጡ ከተባለ፣ ይሄ ቤት ይዘጋል ጋሼ። የገለባው ነገርም አብሮ ይቀበራል። የስንት ዓመት ልፋት ነው!»

«ሰውየው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይባረራል።»

«ይባረር አላልኩም እኮ! ትንሽ ይቆዩ ነው ያልኩት።»

ክፉ ሰው አይደለም። እኔ አራት ዓመት ያልኩትን ነው እሱ አንድ ወር ያለው።

ስወጣ ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ፤ «እኔ እኮ አፍንጫዎን ነበር የቀጠርኩት» አለ።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሳሌም።

መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «ጋሼ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። ሳልስቅ ስታየኝ አቆመች።

«ያኔ ጭልፋውን ሳቀርብልዎ...»

«ቀለሙን ነበር የማየው።»

«ያኔም ጣውላውን...»

«አዎ።»

ጓንቷን አወለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። «ሸቶኝ ነበር» አለች። «ሸቶኝ ነበር እኮ! ሁለት ቀን ራሴን ይዞኝ ተኝቻለሁ። እርስዎ ጥድ ሲሉኝ የራሴን አፍንጫ ካድኩ። እቤት ሄጄ እናቴን 'እስቲ ጥድ ሲያረጅ ይሸታል ወይ' ብዬ ጠየቅኳት። እንደ ሞኝ!»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«እኔን አይደለም። እኔ ምን ሆንኩ?» ዐይኗ እንባ ሞልቷል። «ሰውዬው ምን ያህል ቀን ቀረው?»

ይህች ልጅ ከእኔ ጋር ስትሠራ ያላስተማርኳት ነገር ቢኖር ጢስ ነው። ያስተማርኳት ራሷን መጠራጠር ነው። ለግመሎቹስ ካሣ ይቆረጥ ይሆናል። ለዚህ ምን ይቆረጣል?


ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

የአንኮበር መንገድ ተዘጋ አሉ። ተኩስ አለ፤ መኪና አይወርድም። ስልክም ጠፍቷል።

ስሰማው ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... ሰው እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ደስ አለኝ። እንግዲህ መሄድ ብፈልግም አልችልም ብዬ። ምሳዬን በላሁ። ጥሩ በላሁ።

ከዚያ ማታ ለጸሎት ስቆም አባታችን ሆይ «ከክፉ አድነን» ላይ ስደርስ ቆመብኝ። ክፉው ማን ነው? የት ነው ያለው?


ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባስ ወርዷል።

ሳሌም ነች የነገረችኝ። እየሮጠች ነው የመጣች። መምህሩ ሰማ፤ «ከሄዱ አይመለሱ» አለኝ። ተቆጥቶ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው ነው ያለው።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።


ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ፣ አንኮበር

የእኅቴ ቤት አደርኩ። ከዚህ ቁልቁል ሲታይ ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ አልዩ አምባ ከሥሩ ነው። ለእኅቴ ዘመድ ጥየቃ ነው አልኳት። ይኸውና ሌላ ውሸት። በመንገድም ላይ አይቆምም እንዴ ይህ ነገር?


ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ አንኮበር

ትናንት ነበር። እጄ ዛሬ ነው የታዘዘልኝ።

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ስደርስ ከጁምዓ ሶላት ወጥተው ከመስጊዱ በታች ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው። ዓብዱራህማንን ሳይነግሩኝ አወቅሁት፤ በግራም በቀኝም ማንም አልተጠጋውም። ቀጭን ሰው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት ያያል።

አብዱልጀሊል ሲያየኝ ደነገጠ። «ገብሬ! ለእኔ ብለህ ነው የመጣኸው?» ብሎ አቀፈኝ። ልጨርሰው እንጂ... ያን ጊዜ ልሞት ደርሼ ነበር።

ሼህ አብዱልሀፊዝ ሽማግሌ ናቸው፤ ዐይናቸው የደከመ፣ ልባቸው ግን የሚያይ። ፈቀቅ አደረጉኝ።

«አንተ ከደጋ እዚህ ድረስ በዚህ ቀን የመጣኸው የምታውቀው ቢኖር ነው። በጆሮዬ ንገረኝ። 'ወፍ ነገረችኝ' እላለሁ። ስምህ አይነሣም፤ ወጋችን ነው።»

እንዴት ቀለለኝ! ጎንበስ አልኩ። አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ። ወፏ ትናገር፣ እኔ ዳገቱን ልውጣ፣ ሰውየውም ይዳን፤ ምን ጎደለ? ከኋላችን አንዱ ጎረምሳ «ዛሬስ ወፏንም ገዝቷት ይሆናል!» አለ። ሰዎች ሳቁ። ዓብዱራህማን ቀና አላለም።

ስም የሌለው ቃል ለዚህ ሰው ምን ያደርግለታል? የእሱ ስም እየጠፋ የእኔ ይደበቅ?

«ሼህ» አልኩ፣ «እኔ ወፍ አልሆንም። ቆሜ ልናገር ፍቀዱልኝ።»

ቆምኩ። የአባቴን ስም ጨምሬ ስሜን ተናገርኩ። ቅጥራኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ግመሎቹን የገደለው ቅጥራኑ ነው፤ ይህ ሰው የለበትም አልኩ። የጣውላውን ነገር፣ የልጅቱን ጥያቄ፣ የመለስኩላትን መልስ። አፍንጫዬንም።

ሰዎቹ ፈነዱ።

«ስንት ከፈለህ?»

«ቅጥራን ሻጭ አፍንጫ የለውም! እንዲህ በለኛ! ቀጥሎ ዕውር ኢላማ ተኳሽ ይመጣል!»

«ክርስቲያኑን ከደጋ አስመጣው እኮ እናንተ!»

አብዱልጀሊል ብቻ አልሳቀም። ያየኛል።

«የተረፈው ቅጥራን ይምጣ» አልኩ። «እኔን አትመኑኝ። እናንተ አፍንጫ አላችሁ።»

ሰሊሃ፣ የአብዱልጀሊል ባለቤት፣ ጀሪካኑን አመጣች፤ ካምና የወሰዱትንም ጨምራ። ሁለቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ያምናውን እያሸተቱ «ጢስ ነው፣ ደኅና ነው» ይላሉ። ያሁኑን ሲያሸቱ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ሽማግሌ ግን አልመለሰውም፤ ደጋግሞ አሸተተ።

«ይሄ... የወባ ርጭት አይደለም እንዴ? በልጅነታችን ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳው ላይ ይረጩት የነበረው!»

«ሱብሐነላህ! እሱው ነው!»

«ድመቶቻችንን የጨረሰው!»

ጀሪካኑ በእኔም በኩል አለፈ። ተቀብዬ ለሚቀጥለው ሰጠሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለእኔ ብቻ ጥቁር ውሃ ነበር።

አብዱልጀሊል ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደግ ነበር።

«ሸቶኝ ነበር» አለ። «ጠየቅሁህ እኮ ገብሬ። ምን ነካው አልኩህ። ጠንካራ ነው አልከኝ።»

«አዎ።»

«በእጄ ነው የቀባኋት። በገዛ እጄ፣ ሆዷ ሥር...» አልጨረሰውም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዓብዱራህማን ነጻ ነው አሉ፤ ውሃውም ይመለስለታል። የግመሎቹን ነገር ሽማግሌዎች ከእኔና ከመምህሩ ጋር ተቀምጠው ያያሉ። ዋስ ጥራ አሉኝ። የሚጠራ ዋስ አልነበረኝም። «ራሴ እመጣለሁ» አልኩ።

ሰው ተነሥቶ ዓብዱራህማንን ሊጨብጠው መጣ። «አፉ በለን፣ ይቅር በለን!» ይላሉ። እጁን አልሰጣቸውም። በመካከላቸው አልፎ ወደ እኔ መጣ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«እዚህ የተናገርከው ለእነዚህ ነው። የልጄን ኒካሕ ያፈረሱብኝ ሰዎች እዚህ የሉም። ሄደህ ለእነሱም ትናገራለህ።»

«እሺ።»

«አሁን።»

ከወንዙ ማዶ ነው ቤታቸው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በማሽላው መካከል ስናልፍ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ደክሜ ነበር፤ ቆሞ ግን ወደ ሌላ ያያል።

የሙሽራው አባት ደጃፉ ላይ አገኘን። ተቀመጡ አላለንም። ዓብዱራህማን በእጁ ወደ እኔ አሳየ።

ተናገርኩ። ከሕዝቡ ፊት ይልቅ ይህ ከበደኝ። በብዙ ሰው ፊት የቆመ ሰው ለካ ትንሽ ይደበቃል፤ ለማን እንደሚናገር ስለማያውቅ። እዚህ ግን ለአንድ ሰው ነው። ዐይኑንም ከእኔ ላይ አያነሣም።

ስጨርስ የሙሽራው አባት ጺሙን ነካካ። «እኔ ይህን ሰምቻለሁ» አለ። «ኒካሑን የከለከለችው ግን የልጄ እናት ናት። እኔ ሄጄ ብነግራት 'ሰዎቹ አታለሉህ' ነው የምትለኝ።» ወደ ውስጥ ተጣራ። በመጋረጃው ጀርባ ሴት መጥታ ቆመች፤ እግሯን ብቻ አየሁ።

«በል» አለኝ፣ «ለእሷም ንገራት። አንድም ሳታስቀር።»

ዓብዱራህማን ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

ውሃ የሰጠኝ የለም። ወደ መጋረጃው ዞሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።